ከመመርመሪያው ላይ የጠፋው መስመር፦ ከወባ ተውሳክ ክሮሞሶም ጫፍ የተማርኩት

ጥቅምት 2009 ዓ.ም. ላይ በመተማ ቆላ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ስለነበር ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ገና ሳይነጋ ደጃችን ላይ ይሰለፋሉ። ብዙዎቹ ወባን በስም እንጂ በአካል የማያውቁ የደጋ ልጆች ናቸው፤ ሲያንቀጠቅጣቸው ብርድ የመታቸው ይመስላቸዋል። የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ስለዋለ በማይክሮስኮፕ መሥራት አልተቻለም። ከሰልፉ መካከል ሃያ ዓመት የማይሞላው አንድ ወጣት ነበር። ጣቱን ወግቼ ደሙን ፈጣን መመርመሪያው ላይ ጠብ አደረግሁና ጠበቅሁ። የሁለቱ ዋና የወባ ዓይነቶች፣ የፋልሲፓረሙም የቫይቫክሱም፣ መስመር አልወጣም፤ የወጣው የማረጋገጫው መስመር ብቻ ነው። “ወባ የለብህም” አልኩት። ነርሷ ማስታገሻ ሰጥታ ሸኘችው።

በማግስቱ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። መብራቱ ተመልሶ ስለነበር አንጋፋው ባልደረባዬ ወፍራምና ቀጭን የደም ቅብ ሠርተው፣ በጊምሳ ቀለም አቅልመው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ብዙም ሳይቆዩ “ልጄ፣ ና እስኪ እይ” አሉኝ። አየሁ። እንደ ቀለበት የተጠማዘዙት የፋልሲፓረም ተውሳኮች በያንዳንዱ እይታ ውስጥ ነበሩ። ከሌላ ካርቶን አዲስ መመርመሪያ አውጥቼ ያንኑ ደም ደገምኩ። አሁንም የወጣው የማረጋገጫው መስመር ብቻ ነው። ወጣቱ ወደ ሆስፒታል ተልኮ ዳነ። እኔ ግን “ወባ የለብህም” ያልኩት ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። የምጽፈውም ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማቸው ባልደረቦቼ እና የወባ ተውሳክን ዘረመል ሊያጠኑ ለተነሡ ተማሪዎች። ሁለታችሁም ሳታውቁት አንድ ቦታ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ክሮሞሶም 8 ጫፍ ላይ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ሙቀቱን ነው፤ ጥርጣሬያችንም ተገቢ ነበር። መተማ ውስጥ የመድኃኒት ማከማቻ ክፍል በበጋ ምን ያህል እንደሚግል የሠራበት ያውቀዋል። በሙቀት የተጎዳ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ጠብታው ያነሰ መመርመሪያ ይሳሳታል፤ በደም ውስጥ ያለው ተውሳክ በጣም ሲያንስም እንደዚሁ። እዚህ ግን ደሙ በተውሳክ ተሞልቷል፤ መመርመሪያው ደግሞ በዚያው ቀን የሌሎችን ሕሙማን ወባ በትክክል አሳይቷል። ስለዚህ ጥፋቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከተውሳኩ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ያኔ መጣ። ሐሳቡን ያመጡት ባልደረባዬ ናቸው፤ በፔሩ አማዞን እንዲህ ዓይነት ነገር መገኘቱን በአንድ ሥልጠና ላይ ሰምተው ነበር።

በዚያ መመርመሪያ ላይ ፋልሲፓረምን የሚለየው መስመር የሚወጣው ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ሲገኝ ነው። ይህ ሂስቲዲን በተባለው አሚኖ አሲድ የተሞላ ፕሮቲን ከተውሳኩ ወጥቶ ደም ውስጥ ይሰራጫል፤ ተውሳኩ ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ይቆያል። መጠኑ ብዙ ስለሆነ ለመመርመሪያ ተመራጭ ሆኗል። እሱን የሚሠራው ጂን ከክሮሞሶም 8 ጫፍ ከ100 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ባነሰ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ወንድሙ ልንለው የምንችለው፣ በጣም የሚመስለው ኤችአርፒ3 ደግሞ በክሮሞሶም 13 ጫፍ አጠገብ በተመሳሳይ ርቀት ላይ ነው። ተውሳኩ ሲበዛ የኤችአርፒ3 ፕሮቲንም መስመሩን ሊያወጣ ስለሚችል፣ መስመሩ ፈጽሞ እንዲጠፋ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም መታጣት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዘወትረው አነጋገር “የጂን መሰረዝ” ይባላል። እኔ ግን ይህ ቃል ያሳስተናል ብዬ አምናለሁ። “መሰረዝ” ሲባል ከመስመር መሀል አንድ ቃል የጠፋ ይመስላል። እዚህ የሆነው ግን የገጹ ዳር ተቀድዶ መሄዱ ነው።

ይህንን ለመረዳት ክሮሞሶሙ እንዴት እንደተዋቀረ ማየት ያስፈልጋል። የፋልሲፓረም ሙሉ ዘረመል 3ዲ7 ከተባለው የላቦራቶሪ ዝርያ ተነብቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። 14 ክሮሞሶሞች፣ 23 ሚሊዮን ያህል ፊደላትና ከአምስት ሺህ በላይ ጂኖች አሉት። ከመቶ ፊደላት ሰማንያ ያህሉ ኤ ወይም ቲ ናቸው። እኔ ለራሴም ለተማሪዎችም ሳስረዳ እያንዳንዱን ክሮሞሶም በነጠላ እመስለዋለሁ። መሀሉ ወጥ ነው፤ ከአንዱ ተውሳክ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። ወደ ዳሩ ስንቀርብ ጥለቱ ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሸማው እንዳይተረተር የተቋጨ ነው።

ያ መቋጫ ቴሎሜር ነው። ጂ-ጂ-ጂ-ቲ-ቲ-ቲ-ኤ ወይም ጂ-ጂ-ጂ-ቲ-ቲ-ሲ-ኤ የሚሉ ሰባት ፊደላት በአማካይ ለ1,200 ፊደል ያህል ይደጋገማሉ። ከእሱ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ጂን የሌላቸው፣ ተመራማሪዎች ከ1 እስከ 6 ቁጥር የሰጧቸው የድግግሞሽ ክፍሎች በተርታ ይመጣሉ። ስድስተኛው ሬፕ20 ይባላል፤ 21 ፊደል ያለው ቃል ደጋግሞ የሚያነበንብ ረጅም ክፍል ነው። የሚገርመው የቅደም ተከተላቸው ጽናት ነው፤ በአብዛኞቹ ጫፎች ላይ ተርታው አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ጥለቱ ይመጣል፤ ቫር፣ ሪፊንና ስቴቮር የተባሉ የጂን ቤተሰቦች። ቫር ወደ 60፣ ሪፊን ወደ 150፣ ስቴቮር ወደ 30 ይደርሳሉ። ከቫር ጂኖች የበዙት እዚህ ጫፎቹ ላይ ናቸው፤ ቀሪዎቹ በጥቂት ክሮሞሶሞች መሀል ተሰብስበው ይገኛሉ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆናችሁ፣ ፋልሲፓረም ካለበት ሰው ጣት በተወሰደ ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ለጋ ቀለበቶችን ብቻ ለምን እንደምታዩ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለዓመታት እንደ ሕግ ሸምድጄው ነበር እንጂ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። መልሱ እዚሁ ጥለት ውስጥ ነው። የቫር ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ወደ ቀይ የደም ሕዋሱ ገጽ ወጥቶ ሕዋሱን ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። የበሰለው ተውሳክ በአንጎልና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጣት ድረስ የሚመጣው ለጋው ነው። ተውሳኩ ከ60ዎቹ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ከፍቶ ሌሎቹን ይዘጋል፤ የሰውነት መከላከያ ሲያውቅበት ወደ ሌላው ይቀይራል። በዚህ ላይ የክሮሞሶሞቹ ጫፎች ከአራት እስከ ሰባት እየሆኑ በኒውክለሱ ዳርቻ ላይ ይሰባሰባሉ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ አዲስ ቫርም እንዲህ ይፈጠራል። ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ ይህ ከሁሉም ይልቃል፦ ጫፉ እንዲሰበርና እንዲቀያየር ሆኖ የተሠራ ሠፈር ነው። ኤችአርፒ2 ያለው ደግሞ በዚህ ሠፈር ነው። ጫፉ ሲሰበር ከስብራቱ ውጭ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ተውሳኩም በስብራቱ ላይ አዲስ ቴሎሜር ይቋጭበትና ኑሮውን ይቀጥላል።

ያለ እነዚህ ጂኖች መኖር እንደሚችል ከጥንት ይታወቃል። ዲዲ2 የተባለው የላቦራቶሪ ዝርያ ኤችአርፒ2 የለውም፤ ኤችቢ3 ኤችአርፒ3 የለውም፤ ሁለቱም በላቦራቶሪ ለአሥርት ዓመታት ሲባዙ ኖረዋል። በመስክ ላይ አደጋ የሚሆነው ምርመራው በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ ሲደገፍ ነው። ፕሮቲኑ ያለው ተውሳክ ታውቆ ይታከማል፤ የሌለው ሳይታወቅ ወደ ትንኝ ይተላለፋል። በፔሩ ጉዳዩ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከጎረቤታችን ኤርትራ አስደንጋጭ ውጤት መጣ፤ ጊንዳዕ ሆስፒታል ከተመረመሩ 26 ሕሙማን የ21ዱ ተውሳክ ኤችአርፒ2 አልነበረውም። በእኛ አገር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉ በዚህ ምክንያት በመመርመሪያው ሊታለፉ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ጥናቱ መጀመሪያ የጠፋው ኤችአርፒ3 እንደሆነና የኤችአርፒ2 መጥፋት በቅርቡ፣ በብርቱ ግፊት የተስፋፋ መሆኑንም አሳይቷል። ያንን ሳነብ የመተማው ወጣት ትዝ አለኝ፤ ወረቀቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ እኔም ለሁለተኛ ዲግሪዬ ይህንኑ ርዕስ ይዤ ነበር። አሁን ወደ ስሕተቶቼ ልምጣ፤ ለተማሪዎች ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ውጤቴን ለአማካሪዬ ያሳየሁት በደስታ ነው። በማጣሪያ ወረቀት ላይ ያደረቅኋቸውን የደም ናሙናዎች የተፈለገውን ጂን በሚያባዛው የፒሲአር ማሽን ስፈትሻቸው ኤችአርፒ2 የሌላቸው እጅግ ብዙ ሆነው ተገኙ። አማካሪዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ “ዲኤንኤው መኖሩን ያረጋገጥከው በየትኛው ጂን ነው?” 18ኤስ በተባለው የራይቦሶም ጂን እንደሆነ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። 18ኤስ በተውሳኩ ውስጥ በርካታ ቅጂ አለው፤ ኤችአርፒ2 ግን አንድ ነው። ናሙናው ሲደክም 18ኤስ ይወጣል፣ ኤችአርፒ2 ግን ሳይወጣ ይቀራል። እኔ “ጂኑ ጠፍቷል” ያልኳቸው ብዙዎቹ ዲኤንኤያቸው ያነሰ ናሙናዎች ነበሩ። ስለዚህ ማረጋገጫችሁ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ጂኖች ይሁኑ፤ ኤምኤስፒ1 እና ኤምኤስፒ2 የተለመዱ ናቸው፤ ከአንድ ይልቅ ሁለት ይሻላል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ቢጎድልበት ናሙናውን “ጠፍቷል” ብላችሁ አትቁጠሩት፤ ከስሌቱ አውጡት። እኔ እንዲህ ሳደርግ የቀሩልኝ ጥቂት ነበሩ፤ ግን የማምናቸው ናቸው።

የሙቀት መጠኑም አታለለኝ። በፒሲአር ማሽኑ ላይ ዲኤንኤውን የማራዘሚያው ሙቀት እንደ ልማዱ 72 ዲግሪ ነበር። በኤ እና በቲ ለተሞላው ፋልሲፓረም ይህ ይበዛል፤ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ዝቅ ሲደረግ ቀድሞ እንቢ ያሉ ናሙናዎች ወጡልኝ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ዙር የ3ዲ7፣ የዲዲ2 እና የኤችቢ3 ዲኤንኤ ጎን ለጎን ሳላስገባ አልሠራም። በውጤት ላይ ከመከራከር ሦስቱን ማየት ይቀላል። ሌላው የሚያታልለው ድብልቅ ኢንፌክሽን ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ተውሳክ ከያዘ ጂኑ ያለው የሌለውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ በፒሲአር የምታገኙት ቁጥር ከእውነተኛው ሊያንስም ይችላል።

ከዚህ በኋላ የተወሰኑ ናሙናዎች ሙሉ ዘረመላቸው እንዲነበብ ተላኩ፤ ውጤቱም በ150 ፊደል ቁርጥራጭ ንባቦች ተመለሰ። ኮምፒውተር ላይ ከ3ዲ7 ጋር አገጣጠምኳቸው። የክሮሞሶም 8ን ጫፍ ስከፍት ንባብ የለም፤ ባዶ ነው። ተደሰትኩ። የሚቀጥለውንም ከፈትኩ፤ ባዶ። ሁሉም ባዶ። በመጨረሻ የ3ዲ7ን የራሱን ናሙና ስከፍት እሱም ባዶ ሆኖ አገኘሁት። የተጠቀምኩበት የሥራ ቅደም ተከተል የክሮሞሶሞቹን ጫፎች ገና ከመጀመሪያው ይከልላል። ምክንያት አለው፤ በጫፎቹ ላይ ያሉት ድግግሞሾችና የቫር ጂኖች ስለሚመሳሰሉ አጭር ንባብ የየትኛው ክሮሞሶም እንደሆነ አይታወቅም። ለዚህም ነው ብዙ ጥናቶች 20.8 ሚሊዮን ፊደል ያህል በሚሆነው “መሀል” ላይ ብቻ የሚሠሩት። ለመድኃኒት መላመድ ጥናት ይህ አይጎዳም። ለእኛ ግን የምንፈልገውን ነገር በራሳችን እጅ ቆርጠን እንደመጣል ነው። ከምንም በፊት ክለላው መነሣቱን አረጋግጡ።

ክለላውን ካነሣሁ በኋላም ሌላ ወጥመድ ነበር። የደረቀ ደም ውስጥ የሰው ዲኤንኤ ስለሚበዛ የተውሳኩ ብቻ ተመርጦ እንዲባዛ ይደረጋል። ይህ ማባዛት ግን ሁሉን እኩል አይነካም፤ ጫፎቹ ብዙ ጊዜ ሳስተው ይቀራሉ። እንዲህ በተባዛ ናሙና ላይ የንባቡ ጥልቀት፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ የተደራረቡት ንባቦች ብዛት፣ ስለሳሳ ብቻ ጂን ጠፋ ማለት አይቻልም። እኔ ያደረግሁት፣ የኤችአርፒ2ን አካባቢ በዚያው ናሙና ውስጥ ካሉ ሌሎች የክሮሞሶም ጫፎች ጋር ማወዳደር ነው። ሌሎቹ ጫፎች ተነብበው ይህ ብቻ ባዶ ከሆነ ይታመናል። ጂኑን ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶቹንም ተመልከቱ፤ ኤችአርፒ2 እና ኤችአርፒ3 ስለሚመሳሰሉ የአንዱ ንባብ ሌላው ላይ አርፎ ያለ ሊያስመስል ይችላል።

ንባቦችን በሥዕል በሚያሳየው፣ አይጂቪ በተባለው ፕሮግራም ያንን ጫፍ ሳጠና ያሳለፍኳቸው ሳምንታት አሰልቺ ነበሩ፤ አንድ ምሽት ግን ድካሙን ሁሉ ክሷል። ከኤችአርፒ2 በፊት፣ ወደ ክሮሞሶሙ መሀል በኩል፣ ንባቡ በአንድ ቦታ ላይ እንደ ገደል በድንገት ይቆማል። በገደሉ አፋፍ ላይ ግማሻቸው ከ3ዲ7 ጋር የገጠሙ፣ ግማሻቸው የተንጠለጠሉ ንባቦች ነበሩ። የተንጠለጠለውን ክፍል አጉልቼ ፊደላቱን አነበብኩ፦ ጂ-ጂ-ጂ-ቲ-ቲ-ቲ-ኤ፣ ጂ-ጂ-ጂ-ቲ-ቲ-ሲ-ኤ፣ ጂ-ጂ-ጂ-ቲ-ቲ-ቲ-ኤ። ቴሎሜር ነው። ሸማው ተቀድዶ፣ ተውሳኩ በቀዳዳው ዳር አዲስ መቋጫ ሠርቶበታል። “ንባብ የለም” ከሚለው ይልቅ ይህ እጅግ የጠነከረ ማስረጃ ነው፤ የጠፋውን ሳይሆን የተሠራውን ያሳያልና። አንድ ንባብ ግን አይበቃም፤ በዚያው ነጥብ ላይ የቆሙ በርካታ ንባቦችን ፈልጉ። በክሮሞሶም ግራ ጫፍ የምትሠሩ ከሆነ ተገላቢጦሹን፣ በተጣማሪው የዲኤንኤ ክር ላይ ቲ-ኤ-ኤ-ኤ-ሲ-ሲ-ሲ ተብሎ የሚነበበውን፣ መፈለግ አለባችሁ። እኔ ይህን ባለማወቄ ሁለት ቀን አጥቻለሁ።

ኤችአርፒ3 ግን ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። ክሮሞሶም 13 እና ክሮሞሶም 11 ጫፋቸው አካባቢ 15 ሺህ ፊደል ያህል በጣም የሚመሳሰል ክፍል ይጋራሉ፤ የራይቦሶም ጂኖችም በውስጡ አሉ። በዚህ መመሳሰል ምክንያት ክሮሞሶም 13 የራሱን ጫፍ ጥሎ የክሮሞሶም 11ን ጫፍ ቅጂ ይለብሳል። ስለዚህ የ13 ጫፍ ባዶ ሲሆንባችሁ ወደ 11 ሂዱ፤ እዚያ የንባቡ ጥልቀት እጥፍ ሆኖ ካገኛችሁት ነገሩ ተገልጧል። አቅም ያለው ረጅም ንባብ በሚሰጡ ማሽኖች ቢያስነብብ ይህ ሁሉ ግምት ይቀርለታል፤ አንድ ንባብ ብቻውን ድግግሞሹን ተሻግሮ ከወዲያኛው ወገን ይደርሳልና።

በጤና ጣቢያ ላላችሁት ደግሞ የምጠይቀው ቀላል ነው። መመርመሪያው “የለም” ብሎ ሕመምተኛው ግን የወባ መልክ ካለው፣ ከቆላ የመጣ ከሆነና ትኩሳቱ ካልለቀቀው ደም ቅብ ሥሩለት፤ መብራት ከሌለ በማግስቱ እንዲመለስ በአጽንዖት ንገሩት፤ ስልኩን ያዙ። ኤልዲኤች የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ለፋልሲፓረም የሚፈልግ መመርመሪያ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ተውሳክ በደም ቅብ ታይቶ መስመሩ ካልወጣ፣ ሁለት የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጉ፤ በጥላ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በላስቲክ ዘግታችሁ ቀኑንና የናሙናውን መለያ ቁጥር ጻፉበት፤ ለወረዳችሁም አሳውቁ።

እኔ ያኔ ይህን አላደረግሁም። የዚያ ወጣት ስላይድ ሌሎቹ ስላይዶች እንደሚታጠቡት ታጥቦ በሳምንቱ ለሌላ ሰው ደም ዋለ። በኋላ በጥናቴ ካየኋቸው ተውሳኮች መካከል የእሱ የትኛውን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የቀረ ነገር የለም። ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያውን ስጎበኝ ባልደረባዬ ጡረታ ወጥተዋል። በእሳቸው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ወጣት ባለሙያ የጠረጴዛዋን መሳቢያ ከፍታ፣ ቀንና ቁጥር የተጻፈባቸው የማጣሪያ ወረቀቶች በላስቲክ ታሽገው በተርታ ተደርድረው አሳየችኝ።